የመደቡ እንግዳ

ቆቦ፣ ሰኔ 14 ቀን 1944 ዓ.ም.

ይድረስ ኮሪያ ለዘመትኸው ለባለቤቴ ለአሥር አለቃ ፈንታው፤

ሰላምታዬን ልኬልሃለሁ። ስንት ባሕር እንደሚሻገር አላውቅም፤ ደክሞት መንገድ ላይ ካልቀረ ይደርስሃል። እኔ ደህና ነኝ። ቡሬ በሬህም ደህና ነው።

የመጀመሪያው ደብዳቤዬ ስለ ምን አጠረ ብለህ ተቆጥተሃል። አባቴ መሪጌታ ፊደል ያስቆጠሩኝ ዳዊት እንድደግም ነው እንጂ ለወታደር ደብዳቤ እንድጽፍ አልነበረም። ቀለሙም ቀጥኖብኝ ነበር። አሁን እጄ ተፍታቷል፤ ደግሞ ረዘመ ብለህ እንዳትቆጣ።

ስለ ዝናቡ ልንገርህ። ደመናው ዞብል ተራራ ላይ ይሰበሰባል፣ እኛን በንቀት አይቶ ያልፋል። የጎሊና ወንዝ ግን ከደጋ የዘነበውን ይዞ ወርዶ እርሻችንን አጠጥቶልናል። ማሽላው ተዘርቷል። ወንድምህ አያ ይርጋ አርሶልኛል፤ ምስጋናውን ከአንተ እጅ ይጠብቃል፣ የእኔ አልበቃውም።

የሰማኸው እውነት ነው፣ ጦር ገብቷል። መሣሪያ ሊያስፈታ ነው ተብሏል። መጀመሪያ ገበያው ዳር ድንኳን ተክለው ነበር፤ ፀሐዩ ሲበረታባቸው በየሰዉ ቤት ተመርተው ገቡ። ሲመሽ ጥሩምባ ይነፋል። ከጥሩምባው በኋላ ደጅ የተገኘ ታስሮ ያድራል። ዶሮ የሚባል ነገር ከቆቦ ጠፍቷል፤ አሁን መንጋቱንም የሚነግረን የነሱው ጥሩምባ ነው። ጎረቤታችን መይሙና ቤት ሁለት ገብተዋል። ባሏ እንድሪስ ጨው ሊያመጣ አፋር ወርዶ ሲመለስ በገዛ ቤቱ በር ላይ ‹‹አንተ ማነህ›› ተብሎ ተጠይቆ ነው የገባው። እኛም ቤት አንድ ደርሶናል። ጋሹ ይባላል፣ የመንዝ ሰው ነው። ጨው ተወዷል።

የአባትህን ምንሽር ጠይቀኸኛል። አዋጅ ተነግሮ ሰው ሁሉ ጠመንጃውን አስረክቧል፤ እኔም እንደ ሰው አስረክቤአለሁ። ስለዚህ ነገር ደግመህ አትጻፍልኝ።

ደብዳቤ የሚላከው በጦሩ በኩል ስለሆነ አንድ ጸሐፊ መነጽሩን ሰክቶ አስቀድሞ ያነብልናል። ለእሱም ሰላምታ ይድረሰው። ወረቀቱን በቅባት እጁ እንዳይነካብኝ አደራ ብዬዋለሁ።

ባለቤትህ ተናኜ

ኮሪያ፣ ነሐሴ 26 ቀን 1944 ዓ.ም.

ለተናኜ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን ልል ነበር፤ ሰው የሌለውን አይሰጥም። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ጀምሮ ሰላም የለኝም።

‹‹እኛም ቤት አንድ ደርሶናል። ጨው ተወዷል።›› እንዲህ ነው የጻፍሽው። ሰው ቤቱ ስለገባ ወንድና ስለ ጨው በአንድ ትንፋሽ ያወራል? እሸቴ፣ ያ የጎብዬው ልጅ፣ ከእኔ ጋር አንድ ምሽግ ውስጥ ነው። አነበብሁለት። ‹‹ጨው መወደዱ ነው ያናደደህ?›› ብሎ ሳቀብኝ። አልሳቅሁም።

ለመሆኑ ይህ ጋሹ የምትይው ሰው ዕድሜው ስንት ነው? የት ይተኛል? ምን ይበላል፣ ማንስ ያቀርብለታል? ሚስት አለችው? ጠጉሩን ያበጥራል? አንቺስ የት ትተኛለሽ? ቀንቼ አይደለም። የቤቱ ጌታ እንደመሆኔ ልወቅ ብዬ ነው።

የምንሽሩ ነገር ደግሞ አንጀቴን አሳርሮታል። አባቴ ከጣሊያን ነጥቆ ያመጣው ነው። ሲሞት ለእኔ አደራ አለኝ፤ እኔ ስዘምት ለአንቺ አደራ አልሁ። አገር ሙሉ ሰው ቀብሮ ሲደብቅ አንቺ ተሸክመሽ ወስደሽ ሰጠሽ። ለመጣ ሁሉ መስጠት ልማድ እንዳይሆንብሽ።

እዚህ ቀን እንቆፍራለን፣ ሲመሽ እንጠብቃለን። ባለፈው ለዕረፍት ወደ ኋላ ወጥተን አንዲት መንደር ገብተን ነበር። ዝናቡ እስከ አጥንታችን አርሶናል። አንዲት ሴት ቤት ገባን። የነሱ ቤት ወለሉ ከሥሩ እሳት ሲነድበት ይሞቃል፤ እሷ እሳቱን አንድዳ ወለሉን ለቀቀችልንና ከእንስራዋ ጎን ጥግ ይዛ ተቀመጠች። በበርበሬ የታሸ ጎመን ሰጠችን፤ የአንቺን ዳጣ አስታወሰኝ። ባሏ የት እንደደረሰ አይታወቅም አሉ። ደግ ሴት ናት።

ቶሎ መልሽልኝ፤ ጨውን ተይው።

ፈንታው

ቆቦ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1945 ዓ.ም.

ለአሥር አለቃ ፈንታው፤

‹‹ቀንቼ አይደለም›› ማለትህ ደስ አሰኝቶኛል። ቀንተህ ቢሆን ኖሮ ጥያቄህ በግመል ተጭኖ ይመጣ ነበር ማለት ነው።

በጠየቅኸው ተራ ልመልስልህ። ዕድሜው ከአንተ ዕድሜ አይርቅም። የሚተኛው መደቡ ላይ ነው። የሚበላው እኛ የምንበላውን ማሽላ ነው፤ ሰሃኑን ራሱ ያነሳል፣ ራሱ ያጥባል። ሚስት ይኑረው አይኑረው አልጠየቅሁትም፤ ብጠይቀው ደግሞ ‹‹ለምን ጠየቅሽው›› ልትለኝ ነው። ጠጉሩን አያበጥርም፣ ለቅማል ብለው ሁሉንም ላጭተዋቸዋል። እኔ የምተኛው ጓዳ ነው። የመይሙና አማት እማማ ሀሊሜ ጥሩምባ ሳይነፋ መጥተው አብረውኝ ያድራሉ። ሌላ የቀረ ጥያቄ አለ?

እንግዲህ የእኛን አገር ስማ። ወታደር ያልገባበት ቤት ሁሉ እየተቆፈረ ነው። የአያ ይርጋን ቤት ወለሉን ቆፍረው፣ ምሰሶውን ነቅንቀው፣ የእህል ጉድጓዱን ሳይቀር በጫማቸው ገብተው በረበሩት። ምንም አላገኙም፤ እህሉ ግን አፈር ሆኖ ቀረ። አያ ይርጋ ከዚያ ወዲህ ሰው አያናግርም፣ ሲያገኘኝ ፊቱን ያዞራል። እኛ ቤት የደረሱ ዕለት ጋሹ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲወለውል አገኙት። ሰላምታ ተሰጣጥተው አለፉ።

መይሙና ‹‹አብሽሪ፣ ወላሂ ይህም ያልፋል›› ትለኛለች። እሷ ቤት የገቡት ሁለቱ ደግሞ ሰነፎች ናቸው፤ እንድሪስ ‹‹የግመል ጭነት ያራገፍሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ቤቴ ጭነው ጠበቁኝ›› ይላል።

አንድ ነገር ደግሞ እኔ ልጠይቅህ። ያቺ ወለሏን አሙቃ የሰጠቻችሁ ደግ ሴት ዕድሜዋ ስንት ነው? ቀንቼ አይደለም። የቤቱ እመቤት እንደመሆኔ ነው።

ተናኜ

ኮሪያ፣ ኅዳር 25 ቀን 1945 ዓ.ም.

ለተናኜ፤

ያቺ ሴት አሮጊት ናት። ያንን እዚህ ላይ ዘግተናል።

አሁን አንቺ መልሺልኝ። እሸቴ ከሚስቱ ከጥሩወርቅ ደብዳቤ መጣለት። እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ ያነብልኝ ጀመር፤ መሐል ላይ ሲደርስ ወረቀቱን አጠፈው። ቀማሁት። እዚያ የተጻፈውን እዚህ ልገልብጥልሽ፣ ጸሐፊው ባለ መነጽርም ያንብበው፣ ከእንግዲህ ምን ቀረኝ።

ወታደሩ አልደረሰሽም። አንቺ ራስሽ ነጠላሽን አጣፍተሽ ጦሩ ሰፈር ሄደሽ ‹‹ቤቴ ሰፊ ነው፣ አንድ ሰው ስጡኝ›› ብለሽ ጠይቀሽ ነው ያመጣሽው።

ሊገባ ሲል መደቡን በአዲስ ጭቃ፣ በገዛ እጅሽ ለቅልቀሽ ጠበቅሽው። ለእኔ ለሠርጋችን እንኳ የለቀለቀው አያ ይርጋ ነበር።

ሦስተኛው ከሁሉ ይብሳል። ጎብዬ ገበያ ወርደሽ ሁለት ቅል ለጋ ቅቤ ገዛሽ። በማግስቱ ጠጉርሽ በቅቤ ርሶ፣ ግንባርሽ ላይ እየወረደ፣ በቆቦ መሐል አለፍሽ። ተናኜ! ባሏ የዘመተ ሴት ጠጉሯ ደርቆ ነው የሚታይ። እናቴ አባቴ ዘምቶ እስኪመለስ ቅቤ አልነካትም፤ አናቷ እንደ ክረምት ሣር ሳይሆን እንደ በጋ ሣር ሆኖ ነው የተቀበለችው። ያንን ያየ ሰው የማን ሚስት እንደሆነች ሳይጠይቅ ያውቅ ነበር። የአንቺን ቅቤ ያየስ ምን ይበል?

እማማ ሀሊሜ አብረውኝ ያድራሉ ትይኛለሽ። እማማ ሀሊሜ መድፍ ቢተኮስ የማይሰሙ ሴት ናቸው፤ እኔ የጎረቤት ልጅ አይደለሁም?

እዚህ በረዶ ወድቋል። ነጭ ነገር ነው፣ እስከ ጉልበት ይደርሳል። ሰው ሁሉ እሳት ይሞቃል፣ እኔ ግን ደረቴን ከፍቼ ነው የምቀመጥ። ጠመንጃዬን ለወታደር፣ መደቤን ለወታደር። ሌላስ ምን ሰጠሽው? መልከ መልካም ነው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እኔ አልጠረጠርሁም ነበር። ያንን መደብ አፈርሰዋለሁ። ማርያምን አፈርሰዋለሁ።

ፈንታው

ቆቦ፣ ጥር 13 ቀን 1945 ዓ.ም.

ለፈንታው፤

ጥሩወርቅ አልዋሸችም። ወታደሩን ጠይቄ አመጣሁት። መደቡን ለቀለቅሁ። ቅቤውንም ገዛሁ፣ ተቀባሁም። ለምን ብትለኝ በዚህ ወረቀት ላይ አልነግርህም። ስትመጣ በዓይንህ ታየዋለህ፤ እስከዚያ ወይ ታምነኛለህ፣ ወይ አታምነኝም። ሌላ የምጨምረው የለኝም።

መልከ መልካም ነው ብለህ ጠይቀሃል። አዎ፣ ነው። ዓይን አለኝ። ሲስቅ ጉንጩ ይጎደጉዳል፤ መይሙናም አይታዋለች፣ እንድሪስ ሳይቀር አይቶታል። ያየ ሁሉ ግን አይከተልም፤ ያ ቢሆን ኖሮ አንተ ስትስቅ ያየች የሮቢት ልጃገረድ ሁሉ ዛሬ ቤትህ በሞላች ነበር።

ደግሞ ያቺ የኮሪያ ሴት። ማርጀቷን መጀመሪያ አልነገርኸኝም፤ ስጠይቅህ ነው ያረጀችው። ስማ ፈንታው፤ አንተ የእሷ ወለል ላይ ተኝተህ ተነስተሃል። ጎመኗን በልተሃል። ባሏ በሕይወት ካለና አንድ እሸቴ የሚሉት ጓደኛው ‹‹ሚስትህ ለጥቁር ወታደሮች ወለሏን አሙቃ ሰጠች›› ብሎ ቢያነብለት ምን የሚል ይመስልሃል? እኔ ይህን ሳስብ ቀናሁ፤ አልዋሽህም፣ እሷን ቤቷ ድረስ ሄጄ ማየት አማረኝ። ከዚያ ደግሞ አዘንሁላት። ማን ‹‹አትግቡ›› ይላል? እኛስ ብለናል?

ለጥምቀት ታቦቱ የወጣው በወታደር ታጅቦ ነው። ዘፋኝ አልነበረም። እኔም ጠጉሬን በሻሽ ጠቅልዬ ዳር ቆሜ ተመለስሁ፤ ሴቶቹ ቦታ ለቀቁልኝ፣ ከአክብሮት ግን አይደለም። እንደምታየው የጥሩወርቅ ወሬ አንተ ዘንድ ብቻ አልደረሰም።

ከሁሉ ነገር አንድ ብቻ እለምንሃለሁ። ስደበኝ፣ ፍታኝ፣ የፈለግኸውን አድርግ፤ መደቡን ግን ተወው። እስክትመጣ መደቡን አትንካብኝ።

ተናኜ

ኮሪያ፣ የካቲት 29 ቀን 1945 ዓ.ም.

ለተናኜ፤

ለራስሽ ትለምኛለሽ ብዬ ጠብቄ ነበር። ለእኔ ትለምኛለሽ ብዬም ጠብቄ ነበር። አንቺ የለመንሽው ለመደቡ ነው።

እንግዲህ ሁሉም ገባኝ። ለአያ ይርጋ ጽፌአለሁ። ሽማግሌ ይዞ ይገባል፤ ጥሩምባው ሳይነፋ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የሰማ ሁሉ እያየ ያፈርሰዋል። ጭቃውን አውጥቶ ከመንገድ ላይ ይበትነዋል። የዚያ ሰው ጀርባ የነካው አንድ ጓል ቤቴ ውስጥ እንዳይቀር።

ተራችን ደርሶ በዚህ ወር ወይም በሚቀጥለው መርከብ እንሳፈራለን። እንዴት እንደምገባ አላውቅም።

ፈንታው

ሮቢት፣ ሚያዝያ 22 ቀን 1945 ዓ.ም.

አዲስ አበባ ጦር ሰፈር፤ ለአሥር አለቃ ፈንታው፤

እንኳን አገርህ ገባህ። ይህን የምጽፍልህ ከአባቴ ቤት ነው። ባለ መነጽሩ ጸሐፊ ያንብበው አያንብበው አሁን ግድ የለኝም፤ የምደብቀው ነገር አልቋል።

ለአያ ይርጋ የጻፍኸው ከእኔው ቀድሞ ደረሰ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹን ይዞ፣ ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ መጣ። ደጃፉን ሰው ሞላው፤ ያማኝ አንድም አልቀረም። ጥሩወርቅ እንኳ ከጎብዬ መጥታ ነበር። እንድሪስ በሩ ላይ ቆሞ ‹‹ይርጋ፣ አላህን ፍራ፣ ባለቤቱ እስኪመጣ ተው›› አለው። ‹‹ባለቤቱ ነው ያዘዘኝ›› አለ አያ ይርጋ። ጋሹም ‹‹ጥፋቱ የኔ ከሆነ እኔ እወጣለሁ፣ ቤቱ ምን አደረገ?›› እያለ ይማጠን ነበር፤ የሱን የሰማው የለም። ለነገሩ ጓደኞቹም ትርዒት አገኘን ብለው ከሽማግሌዎቹ ኋላ ቆመው ያዩ ነበር። እኔ መደቡ ላይ ወጥቼ ተቀመጥሁ። በሁለት ክንዴ ይዘው አወረዱኝ።

ከዚያ ጭቃው ተናደ፤ በአሮጌው ጋቢህ የተጠቀለለው የአባትህ ምንሽር ወጣ።

ቅቤ ቅቤ ሸተተ፤ ቤቱን ሞልቶ ደጅ ድረስ ወጣ። ጭቃ ውስጥ የገባ ብረት ይዝጋል ብዬ ያንን ሁለት ቅል ቅቤ ያጠጣሁት ምንሽሩን ነበር። ባሏ የዘመተ ሴት ሁለት ቅል ሙሉ ቅቤ ገዝታ ስትሄድ ‹‹ለምንሽ ነው?›› የሚል አይጠፋምና ከተረፈው አናቴን ቀባሁ። ሐሜትን መረጥሁ፤ ሐሜት ቤት አያስቆፍርም ብዬ። ወታደር ያለበት ቤት አይበረበርም ሲሉ ሰምቼ ወታደር ስጡኝ አልሁ። ከመደቡ ላይ እንዳይነሳም አልጋ አድርጌ አነጠፍሁለት። ያስረከብሁት ጠመንጃ ከአባቴ ቤት ያመጣሁት ቃታው የወለቀ ጓንዴ ነበር። ይኸው ነው። የአባትህ አደራ ላይ ዘበኛ ያቆምሁ መስሎኝ ነበር።

ያማኝ ሁሉ እዚያው ቆሞ አሸተተ። ጥሩወርቅ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ለማን እንዳለቀሰች አልጠየቅኋትም።

እኔን አሰሩኝ። ዳቦና ውኃ ብቻ እየሰጡ ከማቆየታቸው በቀር አልጎዱኝም፤ እንድሪስ በግመሎቹ ዋስ ሆኖ አስወጣኝ። ምንሽሩን ወሰዱት። ጋሹን ግን ገርፈው ወደ ደሴ ላኩት። ያውቅ ነበር አሉ። ‹‹ሰው ከሴቲቱ ጋር ካልሆነ እንዴት ጠመንጃ ላይ ተኝቶ ዝም ይላል?›› አሉ። ምስክሩ ማን እንደሆነ ታውቃለህ? አንተ ነህ። ለአያ ይርጋ የጻፍኸውን ተቀብለው ሚስቱን ወታደሩ እንደወሰደበት ባሏ ራሱ ጽፏል ብለው አያያዙት።

እሱ ምንም አያውቅም፣ ፈንታው። ከእኔ ያገኘው ማሽላና መደብ ብቻ ነው፤ እንዲያውም እንደ ጋሻ ያዝሁት። እኔ በድዬዋለሁ፣ አንተ ደግሞ ጨረስኸው። የጠረጠረም ለካ ይመነጠራል።

ከጦር ሰፈሩ እንደወጣህ ወደዚህ መምጣትህ አይቀርም። መንገድህ በደሴ ነው። ደሴ ላይ ውረድና ይህን ሰው አስፈታው። እሱ ሳይፈታ ሮቢትም ቆቦም አትምጣብኝ። ሽማግሌ ብትልክም አባቴ አያስገቡልህም።

ተናኜ

ደሴ፣ ሰኔ 9 ቀን 1945 ዓ.ም.

ለተናኜ፤

በምን አፌ ሰላም እልሻለሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲሉ ሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

አስፈትቼዋለሁ። ይህን ከሁሉ በፊት ልጻፈው ብዬ ነው።

ዳኛው ፊት ቀርቤ ‹‹ምንሽሩን መደቡ ውስጥ የለቀለቅሁት እኔ ነኝ፤ ከመዝመቴ በፊት፣ ሚስቴ አማቷን ልትጠይቅ በሄደችበት ቀን›› አልሁ። እናቴ ከሞተች ስንት ዓመቷ መሆኑን ማንም አልጠየቀኝም። ዳኛ ሆኖ የተቀመጠው መኮንን ግን ብልህ ነው። ‹‹ቅቤው እንዴት አዲስ ሆነ?›› አለኝ። ‹‹ጌታዬ፣ የራያ ቅቤ ነው፣ ዓመት ቢቀመጥ አይከፋም›› አልሁት። ጸሐፊዎቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም፤ ግን መስቀል አስመትቶ አስማለኝ። በሐሰት ማልሁ። ለንስሐ አባቴ ምን እንደምላቸው አንቺ ምከሪኝ። ስለ ጻፍሁት ደብዳቤ ሲጠይቁኝ ‹‹ቅናት ነው የጻፈው›› አልሁ፤ ያ እንኳ ውሸት የለበትም። ማዕረጌን ገፈፉኝ፤ ከኮሪያ ያመጣሁትን ሜዳሊያ አዩና ከእስር ማሩኝ። ምንሽሩ በዚያው ቀረ።

በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። ልክ ነሽ፣ መልከ መልካም ነው፤ ከስቶም ያ የጉንጩ ነገር አልጠፋም። እግሩን ይጎትታል። ማን እንደሆንሁ ስነግረው አልሸሸም። ‹‹ያ መደብ ይቆረቁረኝ ነበር፤ ለካ ምንሽር ኖሯል፤ እኔ ደግሞ የእናንተ አገር ጭቃ ነው ብዬ ዝም አልሁ›› አለ። ከዚያ ‹‹ተናኜ ደህና ናት?›› አለኝ።

ተናኜ አለ። ወይዘሮ የለ፣ የፈንታው ባለቤት የለ። እዚያው ደጃፍ ላይ ያ እሳት እንደገና ሽቅብ መጣብኝ። አሁን እንኳ ስጽፈው ይነድደኛል፤ ምን እንደማደርገው አላውቅም፣ ሰው እንዲህ ሆኖ ይፈጠራል መሰለኝ። ጋቢዬን አውልቄ አለበስሁት፣ ወደ አገሩ በሚሄድ መኪና ላይ አሳፈርሁት። ‹‹ደህና ናት›› አልሁት። የላክሽኝ ለዚህ ነበርና ልልሽ የምችለው ይህን ነው።

ያቺ ሴት አሮጊት አልነበረችም። ወለሏን ለቃልን ጥግ ስትቀመጥ ዓይኗ በሩ ላይ ነበር። ያን ጊዜ እኛን የፈራች መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ባሏ ድንገት ቢገባ ብላ ይሆናል። ቢገባና ወለሉን ዶማ ቢያነሳበት እያልሁ እዚህ እንቅልፍ አጣሁ።

ልምጣ? ምን ይዤ ልምጣ?

ፈንታው

ሮቢት፣ ሰኔ 20 ቀን 1945 ዓ.ም.

ለወታደር ፈንታው፤

አሥር አለቃ ያላልሁህ ለስድብ አይደለም። በዚህኛው ማዕረግህ ደስ ብሎኛል፤ አባቴም ሲሰሙ ‹‹እንግዲህ ሰው ሆኗል›› አሉ።

ስለ ሐሰት መሐላህ መክረውበታል። ጾምና ስግደት አለብህ፤ ሲመጣ እኔው እነግረዋለሁ ብለዋል። ስለሚነድህ እሳት ግን መድኃኒት የላቸውም። እኔም የለኝ፤ ሲነድህ ለእኔ ተናገረው፣ ለአያ ይርጋ አትጻፈው።

ምን ይዤ ልምጣ ብለሃል። ከመኪና ጎብዬ ላይ ውረድ። በገበያ ቀን ይሁን። ቅቤ ሻጮቹ የሚቀመጡበት፣ ሴቶች ብቻ ያሉበት፣ እዚያ ግባ። ያፍሩብሃል፣ ይስቁብሃል፤ ቆመህ አሽትተህ፣ ተከራክረህ ሁለት ቅል ለጋ ቅቤ ግዛ። በጋቢህ አትሸፍነው፤ ለነገሩ ጋቢም የለህም። ለተሸካሚ አትስጥ። በሁለት እጅህ ይዘህ፣ ሰው እያየህ፣ በእግርህ ና። ‹‹ለማን ነው?›› የሚልህ አይጠፋም። ጥሩወርቅ በር ላይ ስትደርስ ማንም ባይጠይቅህ እንኳ ስሜን ጠርተህ ተናገር።

ሮቢት መንገድ ዳር ቆሜ እጠብቅሃለሁ። ከዚያ አንዱን ቅል እቀበልህና ቆቦ አብረን እንገባለን። ጦሩ አሁንም አለ፣ ጥሩምባው ሳይነፋ መድረስ አለብን።

የመደቡን ጭቃ ከጭድ ጋር አስረግጬ ትቼልሃለሁ። አንተው ትሠራዋለህ፤ እስኪደርቅ ድረስ መሬት ትተኛለህ።

ጠጉሬ ደርቋል። አትዘግይ።

ተናኜ